ደማቅና ርካሽ ባትሪ እንዴት ይመረጣል? ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና ዙሪያው ገጠር ላላችሁ

እስቲ ይሄን አስቡት። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ወደ አስፋልት እየወጣች ነው። ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ መሀል ላይ ወንዝ አለ። ፊት የሚመራው ልጅ የያዘው ባትሪ ገበያ ላይ ሲገዛ «ባውዛ ነው» የተባለለት፣ ዓይን የሚያጠፋ ነበር። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ደብዘዝ አለ፣ ከዚያ በቃ ጠፋ።

ገጠር ያደገ ሰው ይሄን ታሪክ በአንድም በሌላም መልኩ ያውቀዋል። የሌሊት የመስኖ ተራ አለ፣ በቆሎን ከጃርትና ከከርከሮ መጠበቅ አለ፣ ሣር ውስጥ እባብ አለ። ባትሪ ስንገዛ ግን ሱቅ ውስጥ በቀን ብርሃን አብርተን፣ ግድግዳ ላይ አይተን፣ «ይሄኛው ይበልጣል» ብለን እንከፍላለን። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። ሱቅ ውስጥ የደመቀው ሳይሆን ሌሊት ላይ የማይጠፋው ነው ጥሩ ባትሪ።

(በዚህ ጽሑፍ «ባትሪ» ስንል የእጅ መብራቱን ነው። ውስጡ የሚገባውን እንደ ሀገራችን አጠራር «ድንጋይ» እንለዋለን።)

🔦 መጀመሪያ፦ የት ነው የምትሞሉት?

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የኤሌክትሪክ ማዳረስ ፕሮግራም በ2025 ለሁሉም ሰው መብራት ለማድረስ አቅዶ ነበር፤ 65 በመቶውን በመስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጭ እንደ ሶላር ባሉ አማራጮች። ማታ ከከተማ ወጣ ብላችሁ ዙሪያውን ብታዩ ምን ያህል እንደቀረ ይገባችኋል። ስለዚህ ከዋጋውም ከድምቀቱም በፊት የሚጠየቀው ይሄ ነው፦ ቤታችሁ መብራት አለ ወይስ የምትሞሉት ገበያ ስትወጡ ብቻ ነው?

1. በደረቅ ድንጋይ የሚሠራ። አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው። ድንጋዩ የገጠር ኪዮስክም አያጣውም፣ ቻርጅ አይፈልግም። ጉዳቱ ወጪው አያልቅም፤ ሲያረጅም ፈሳሽ አውጥቶ ባትሪውን ይበላዋል። አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ። ለረጅም ጊዜ የማትጠቀሙበት ከሆነ ድንጋዩን አውጡት።

2. ሶኬት ላይ በቀጥታ የሚሰካው። ርካሹና በብዛት የምናየው ይሄ ነው። አብዛኞቹ ውስጣቸው ያለው 4 ቮልት የእርሳስ-አሲድ ድንጋይ ነው፣ ከመኪና ባትሪ ጋር አንድ ዘር። ይሄ ድንጋይ አንድ ትልቅ ጠላት አለው፦ ባዶ ሆኖ መቀመጥ። ጨርሶ አልቆ ለቀናት ሲቆይ ውስጡ ያሉት ሳህኖች ላይ ጠጣር ነገር ይጋገርና ከዚያ በኋላ መሙላት ያቅተዋል። ማለትም በሳምንት አንዴ ገበያ ስትወጡ ብቻ የምትሞሉ ከሆነ ይሄን አትግዙ። ባትሪው «የማይረባ» ስለሆነ ብቻ አይደለም የሚሞተው፣ አጠቃቀማችሁና እሱ ስለማይጣጣሙ ነው። ቤታችሁ መብራት ካለና በየቀኑ የምትሰኩት ከሆነ ግን ያገለግላል።

3. በሊቲየም ድንጋይ የሚሠራ፣ በዩኤስቢ የሚሞላ። በስልክ ቻርጀር፣ በፓወር ባንክ፣ በትንሽ ሶላር ይሞላል። ሳይነካ ቢቀመጥ ቶሎ አያልቅም። ለገጠርም ለከተማም የሚመቸው ይሄ ነው። ድንጋዩ ወጥቶ የሚቀየር ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ድንጋዩ ሲሞት ባትሪውን አብራችሁ አትጥሉትም።

4. ሶላር ፋኖስ። መስመር ጨርሶ ለሌለበት ቤት አንደኛ ነው፣ ስልክም የሚሞሉ አሉ። ራቅ አድርጎ አያሳይም፤ ለንባብና ለቤት ነው። የዓለም ባንክ ቡድን የጀመረው «ላይቲንግ ግሎባል» ለእነዚህ ዕቃዎች የጥራት መስፈርት አውጥቷል። አሁን ምርመራውን የሚያስተባብረው «ቬራሶል» ሲሆን ያለፉትን ሞዴሎች ድረ ገጹ ላይ ይዘረዝራል። የሞዴሉን ስም በስልካችሁ ፈልጉት።

🔦 ካርቶኑ ሲዋሽ እንዴት ይያዛል?

ካርቶን ላይ «100 ዋት»፣ «9900 ሚሊ አምፒር» የሚል ታያላችሁ። በሁለት መስመር ሒሳብ ውሸቱን ታወጡታላችሁ።

በብዛት የምናገኘው ሊቲየም ድንጋይ 18650 ይባላል። ስሙ ልኩ ነው፦ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር። በዚህ ልክ የታወቁት ጥሩ አምራቾች የሚያወጡት ከ2000 እስከ 3500 ሚሊ አምፒር አካባቢ ነው። 9900 የሚል ካያችሁ ውሸት ነው፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ዋቱንም እንይ። 2000 ሚሊ አምፒር በ3.7 ቮልት ሲባዛ 7.4 ዋት-ሰዓት ነው። እውነት 100 ዋት የሚያበራ ቢሆን ኖሮ ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልቅ ነበር። 2 ዋት የሚጠቀም ባትሪ ግን በዚሁ ድንጋይ ከ3 ሰዓት በላይ ይሄዳል። የኤልኢዲ 2 ዋት ደግሞ ለእግር መንገድ በቂ ነው።

ሌላ ዘዴ፦ ድንጋዩን መዝኑት። እውነተኛ 18650 ከ45 ግራም አካባቢ አይርቅም። ወርቅ ቤት ያለችው ትንሽ ሚዛን ላይ 30 ግራም ካሳየ ውስጡ ያለው ትንሽ ነገር ነው፣ ቀሪው ቆርቆሮ።

የአምፖሉ ብዛትም አያታልላችሁ። 20 ትንንሽ መብራት ከደረደረው ይልቅ አንድ ጥሩ ኤልኢዲና ጥልቅ አንጸባራቂ ያለው ይበልጣል። ትንንሾቹ ከአቅማቸው በላይ ጉልበት ስለሚለቀቅባቸው በአጭር ጊዜ ይደበዝዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነ የሉሚና ፕሮጀክት ጥናት ኬንያ ውስጥ ርካሽ የኤልኢዲ ባትሪ የገዙ አብዛኞቹ ሰዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ብልሽት እንደገጠማቸው አሳይቷል። የእኛም ገበያ ያው ነው።

🔦 ስልካችሁን መለኪያ አድርጉት

አብዛኛው አንድሮይድ ስልክ ከፊት ካሜራው አጠገብ ብርሃን የሚለካ ሴንሰር አለው። «ሉክስ ሜትር» ብላችሁ ነፃ አፕ አውርዱ። ጨለም ያለ ጥግ ላይ ስልኩን አቁሙ፣ ባትሪውን ከ1 ሜትር ርቀት አብሩበት፣ ትልቁን ቁጥር ያዙ። የቁጥሩን ካሬ ሥር (ስኩዌር ሩት) ወስዳችሁ በ2 ስታባዙ ባትሪው በሜትር ስንት እንደሚደርስ ታገኛላችሁ።

• 100 ሉክስ = 20 ሜትር
• 400 ሉክስ = 40 ሜትር
• 2500 ሉክስ = 100 ሜትር
• 10,000 ሉክስ = 200 ሜትር

«ይደርሳል» ማለት እዚያ ርቀት ላይ የሙሉ ጨረቃን ያህል ብርሃን አለ ማለት ነው። እባብና ገመድ ለመለየት ግማሹን ብቻ ቁጠሩ። የስልክ ሴንሰር የላቦራቶሪ ዕቃ አይደለም፣ ግን ሁለት ባትሪ ለማወዳደር ከዓይን በጣም ይሻላል። ልብ በሉ፦ ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ 4 እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል። «እጥፍ ደማቅ» ለተባለው እጥፍ ዋጋ ለመክፈል አትቸኩሉ።

🔦 ለምን ሥራ፣ ስንት ሉመን?

ሉመን ማለት ባትሪው በአጠቃላይ የሚያወጣው ብርሃን ነው። ለንጽጽር፣ ኩራዝ 10 ሉመን አካባቢ ነው።

• ለንባብና ለቤት፦ ከ50 እስከ 100፣ ሰፋ ብሎ የሚበተን።
• ለእግር መንገድ፦ ከ100 እስከ 200። መሀሉ ደማቅ፣ ዳሩ ሰፋ ያለ ጨረር።
• ማማ ላይ ለጥበቃ፦ እዚህ ጋ ሉመን ሳይሆን ርቀት ነው የሚፈለገው። ጠባብ ጨረር፣ በስልካችሁ ቢያንስ 2500 ሉክስ።
• ላም ለማለብ፣ ለመስኖ፣ ለአዋላጅ፦ ግንባር ላይ የሚታሰር። ሁለት እጅ ነፃ መሆኑ ከየትኛውም ድምቀት ይበልጣል።

🔦 ሱቅ ውስጥ የ5 ደቂቃ ፍተሻ

✅ ማብሪያውን 20 ጊዜ ተጫኑ። አንዴም እንቢ ካለ ተዉት።
✅ እያበራ መዳፋችሁ ላይ መታ መታ አድርጉት። ብልጭ ድርግም ካለ ሞላው ወይም ብየዳው ደካማ ነው።
✅ ክዳኑን ፍቱና ክብ የላስቲክ ማሸጊያ መኖሩን እዩ። ለክረምት ቢያንስ «አይፒኤክስ 4» (ዝናብ የሚችል) ይሁን።
✅ ዝቅተኛ ድምቀት አለው? በዝቅተኛው የሚሠራበት ሰዓት ነው ሌሊቱን የሚያሻግራችሁ።
✅ የሚሞላበት ቀዳዳ ከስልካችሁ ጋር አንድ ቢሆን ጥሩ ነው። ልዩ ገመድ የሚፈልግ ከሆነ ገመዱ የጠፋ ቀን ባትሪውም አለቀለት።
✅ ደረሰኝና የመመለሻ ቀን ጠይቁ። «ካልሠራ በሳምንት አመጣዋለሁ» ስትሉ የባለሱቁን ፊት እዩ፣ ብዙ ይነግራችኋል።

ዋጋውን ደግሞ በወር አስቡት። ለምሳሌ 200 ብር የተገዛ በ2 ወር ቢሞት በወር 100 ብር ነው። 600 ብር የተገዛ 2 ዓመት ቢሠራ በወር 25 ብር። ታዲያ ርካሹ የቱ ነው?

⚠️ ጥንቃቄ

ሶኬት ላይ በቀጥታ የሚሰኩት ርካሽ ባትሪዎች ብዙዎቹ የ220 ቮልቱን መስመር ከውስጣቸው የሚለይ ትራንስፎርመር የላቸውም። እየሞላ እያለ አትፍቱት፣ በእርጥብ እጅ አትንኩት፣ ልጆች አይጫወቱበት። ያበጠ ሊቲየም ድንጋይ አትሙሉ፣ እሳት ውስጥም አትጣሉ። ደማቅ ባትሪ የሕፃን ዓይን ላይ አታብሩ። በሰዓት እላፊ ጊዜ ደግሞ ብርሃን ከሩቅ እንደሚታይ አትርሱ።

በመጨረሻ አንድ የቤት ሥራ። ዛሬ ማታ ያላችሁን ባትሪ ሙሉ አድርጋችሁ አብሩትና ሰዓት ያዙ። ስንት ሰዓት ላይ ደበዘዘ? ያ ቁጥር ነው የባትሪያችሁ እውነተኛ አቅም፣ ካርቶኑ ላይ ያለው አይደለም። ቁጥሩን ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ፣ በተለይ እርጉዝ ሴት ወይም በሽተኛ ካለ። ወንዙ ጋ ደርሶ ማወቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ገጠር ላሉ ቤተሰቦቻችሁ ዕቃ የምትልኩ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን አስቀምጡት። ለሌላውም አጋሩት 🙏