በክብር ማታ ወንድ ምን ይልበስ?

አንባቢ ሆይ፣ ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኛም መጀመሪያ ሲነሳ ስቀንበት ነበር። ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ለተመራቂዎች የእራት ግብዣ ሲዘጋጅ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንዲት ወረቀት ተለጠፈች። «ወንዶች ጥቁር ሙሉ ልብስና ከረባት ማድረግ ግዴታቸው ነው» ትላለች። የማንኩሳ ልጅ የሆነው ጓደኛችን ልብሱን ከሦስት ሰው ተውሶ አሟላ፤ ኮቱን ካንዱ፣ ሱሪውን ካንዱ፣ ከረባቱን ካንዱ። አባቱ ደግሞ ልጃቸው ሲመረቅ ሊያዩ ከቡሬ አውቶብስ ተሳፍረው መጡ። የለበሱት አዲስ ጋቢና የታጠበ ቁምጣ ነው፤ በእጃቸው ሽመላቸውን ይዘዋል። በሩ ላይ የቆመው ልጅ «አባባ፣ ሱፍ ያልለበሰ አይገባም ተብለናል» አላቸው። እሳቸውም አልተቆጡም። «ግድ የለም ልጄ፣ እናንተ ግቡ፤ እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ» ብለው ከደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጓደኛችን እራቱን ሳይቀምስ ተመልሶ ወጣ። እኛም ተከትለነው ስንወጣ፣ አባትየው «ይበርዳል» ብለው ጋቢያቸውን ዘርግተው ልጃቸውን ከነሱፉ አልብሰውት አገኘናቸው።

ያን ሌሊት ስንከራከር አደርን። ጋቢ የክብር ልብስ አይደለም ያለው ማን ነው? ጥቁሩ ሱፍስ የክብር ልብስ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? ክርክሩ በጩኸት ስላላለቀ ወደ ታሪክ መለስ አልን።

መጀመሪያ ስለ ሸማ እንነጋገር። ባላገር ያደገ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ከተማ ያደግነው ግን ጠይቀን ነው የደረስንበት። ኩታው አንድ ነው፤ አለባበሱ ግን ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው መስቀለኛ ያጣፋዋል። ሐዘን የደረሰበት ጥለቱን ከታች ወደ ላይ አዙሮ ይዘቀዝቀዋል። በጌታ ፊት የሚቆም ሰው ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያስረዋል፤ ይህም ማደግደግ ይባላል። ጌታው ግን እስከ አፉ ድረስ ተከናንቦ ይቀመጣል። ሲሞን ሜሲንግ የተባለ የባህል አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ የሸማ አለባበስ ቃል እንደሌለው ቋንቋ አድርጎ አጥንቶታል። አባቶቻችን ለለቅሶ አንድ ልብስ፣ ለሸንጎ አንድ ልብስ፣ ለድግስ አንድ ልብስ አላስፈለጋቸውም። ያችኑ አንዷን ሸማ እንደ ቦታውና እንደ ሰዓቱ ያናግሯት ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ያ ቋንቋ የሚናገረው ደግ ነገር ብቻ አልነበረም። ማደግደግ የአክብሮት ያህል የመገዛትም ምልክት ነበር። በድሮው ቤተ መንግሥት ተራው ሰው በንጉሥ ፊት ሲቀርብ ሸማውን አውርዶ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ይቆም እንደነበር ተጽፏል። የሐር እጀ ጠባብ ገበያ ወጥቶ የሚገዙት ሳይሆን ንጉሥ ለሾመውና ለሸለመው የሚሰጥ ማዕረግ ነበር። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖም እንዲሁ የባለ ማዕረግ ምልክት ነበር። ለምድ ደግሞ ከአንበሳ ወይም ከግስላ ቆዳ ይሠራል፤ ከከፋይ ተሰፍቶ በወርቅና በብር ያጌጠም ነበር። ጀግንነቱ የተመሰከረለት ይለብሰዋል። ስለዚህ «ድሮ ሁሉም በሀገር ልብሱ ተከብሮ ይኖር ነበር» የሚለው ጓደኛችን ተሳስቷል። ድሮም ደጅ የሚያስቀር ልብስ ነበረ።

የተሳሳተው ግን እሱ ብቻ አይደለም። «የክብር ልብስ ሱፍ ነው፤ ዓለም የተስማማበት ነው» የሚለውም ወገን ታሪክ አልፈተሸም። ይህ ጥቁር የማታ ልብስ ከአዳምና ከሔዋን ጋር አልተፈጠረም። በእንግሊዝ አገር ወንዶች ለማታ ግብዣ ጥቁር መልበስን ልማድ ያደረጉት በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ ደንቡ ከኋላው ጭራ ያለው ረጅም ኮት ነበር። ጭራ የሌለው አጭር ኮት በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለእንግሊዙ አልጋ ወራሽ ሲሰፋ የቤት ውስጥ፣ የመዝናኛ ልብስ ተብሎ ነው። በ1886 (እ.ኤ.አ.) ከኒውዮርክ ከተማ ወጣ ባለች ቱክሲዶ ፓርክ በምትባል ሥፍራ የሀብታሞች ክበብ ተቋቋመ፤ ኮቱም በአሜሪካ የሥፍራዋን ስም ይዞ ቱክሲዶ ተባለ። እንግዲህ ዛሬ በታላላቅ ሆቴሎችና በመንገደኛ መርከቦች ላይ የክብር ማታ ሲሆን እንደ ክብር ልብስ የሚታየው ይህ ልብስ፣ በተወለደበት ዘመን ያለ ወግ የሚለበስ ነበር። ስሙም የአንዲት የገጠር ሥፍራ ስም ነው። ቱክሲዶ የአንድ ሥፍራ ስም ከሆነ ማንኩሳም የአንድ ሥፍራ ስም ናት። ልዩነቱ የቱክሲዶ ሰዎች ገንዘብ ነበራቸው።

መርከብን ካነሳን አይቀር፣ ለጎጃም ልጅ የሚቀርብ አንድ የመርከብ ጉዞ አለ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት በሚያዝያ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን መኳንንቱን አስከትለው በባቡር ጅቡቲ ወረዱና በመርከብ ተሳፈሩ። ከተከተሏቸው መካከል የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትና የትግራዩ ራስ ሥዩም መንገሻ ነበሩ። ኅሩይ ወልደ ሥላሴም አብረው ተጉዘው ጉዞውን «ደስታና ክብር» በተባለ መጽሐፋቸው ጽፈውታል። ኢየሩሳሌምን፣ ካይሮን፣ ፓሪስን፣ ብራስልስን፣ ስቶክሆልምን፣ ለንደንንና አቴንስን ጎብኝተው የተመለሱት ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ያን ጊዜ የአውሮፓ መርከብ በአንደኛ ማዕረግ የሚሳፈር ወንድ ለእራት ጥቁር ልብስ ይቀይር ነበር። የቤተ መንግሥቱም ግብዣ ያው ነው። የኛዎቹ ግን በየከተማው በተነሱት ፎቶግራፍ የሚታዩት ከውስጥ ነጭ፣ ከላይ ጥቁር ካባ ደርበው ነው። ባርኔጣውን ከፈረንጅ ወሰዱ፤ ካባውን ግን አልጣሉም። በልብሳቸው ምክንያት የተዘጋባቸው በር አልነበረም፤ እንዲያውም ጋዜጣው ሁሉ ያወራው ስለ ካባቸው ነበር።

ይህን ስናነብ መጀመሪያ ደስ አለን። «ይኸው! የሀገር ልብስ የነገሥታት አዳራሽ ገብቷል!» ብለን አጨበጨብን። ከመካከላችን አንዷ ግን ዝም ብላ ቆይታ «ያስገባቸው ካባቸው ነው ወይስ ራስነታቸው?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ዝም አልን። ልክ ናት። ራስ ኃይሉ በካባ ሲገቡ ካባው ይከበራል፤ የማንኩሳ ገበሬ በጋቢ ሲመጣ ጋቢው ይከለከላል። ጥጡ ግን ያው ጥጥ ነው።

ከዚያ በኋላ የክብር ልብስ በኛ አገር ደጋግሞ ተለዋውጧል፤ ማንኩሳም ከዳር ሆና አላየችውም። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ በኦሜድላ ገብተው በጎጃም በኩል ነው የመጡት። በየካቲት ወር የጌዴዎን ጦርና አርበኞች ቡሬንና ማንኩሳን ይዞ የነበረውን የጣሊያን ጦር እየገፉ ወደ ደምበጫና ወደ ደብረ ማርቆስ አስለቀቁት። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማም ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘችው ከዚያ ጉዞ ጋር ተያይዞ እንደሆነ የአገሩ ሰው ይናገራል። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ መንገድ ላይ የለበሱት ካኪ ነበር እንጂ የወርቅ ካባ አልነበረም። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡም በወታደር ልብስ ነው። ካኪ የሥራና የጦር ልብስ መሆኑ ቀርቶ የክብር ልብስ ሆነ ማለት ነው፤ ያከበረው ስፌቱ ሳይሆን የተለበሰበት ቀን ነው።

ከነጻነት በኋላ ሚኒስትሮችና መኳንንት በቤተ መንግሥት ግብዣ ጥቁር ሱፍን ለመዱት። ደብተራቸውን ይዘው ከየጠቅላይ ግዛቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጡት የገበሬ ልጆችም ከረባት ማሰር ተማሩ። ከዚያ አብዮቱ መጣ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ፤ የዘመቻ ልብሳቸውም ያው ካኪ ነበር። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኢሠፓ ሹማምንት አንድ ዓይነት ዩኒፎርም ለብሰው በስብሰባ ይታዩ ጀመር። እኩልነትን በልብስ ለማሳየት ነው ተባለ። ነገር ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ሲለብስም ማን ፊት እንደሚቀመጥና ማን ኋላ እንደሚቆም የማያውቅ አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ያም ዩኒፎርም አብሮ ከአደባባይ ጠፋ። ጋቢው ግን በነዚህ ሁሉ ዘመናት ከትከሻ አልወረደም።

አንድ ነገር ሳናነሳ ብናልፍ ሐቀኞች አንሆንም፤ እሱም ጋቢውን የሚሠራው ሰው ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ነው። ጥጡን እናት ታባዝተዋለች፣ በእንዝርት ትፈትለዋለች፤ ሸማኔው ድሩን አድርቶ ከማጉ ጋር ይሸምነዋል። ታዲያ ይህን የሚያህል ሥራ የሚሠራውን ሰው ሀገሩ «ቁጢት በጣሽ» እያለ ይሰድበው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ፋቂውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ልብሱን እየለበስን ሠሪውን ስንንቅ ኖረናል። ዛሬ ደግሞ አንድ ደረጃ ጨምረን ለባሹንም ከደጅ እንመልሳለን። ሱፉን ደግሞ ማን እንደሰፋው እንኳ አናውቅም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፤ በክብር ማታ ወንድ ምን ይልበስ? ሱፍ አይለበስ አንልም። ጓደኛችን ራሱ «ሱፉን ስለብስ የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ እሱ ደስ ብሎኛል» ብሎናል። ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም። ያ ጥቁር ኮት ሰውን ከድህነቱ ለአንድ ማታ ይከልለዋል። ችግሩ ሱፉ ግዴታ የሆነ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ድሃን መከለሉ ቀርቶ ድሃን መለያ ይሆናል፤ ሱፍ ያለው ይገባል፣ መዋስ የቻለ ይዋሳል፣ ያልቻለ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ተረቱም «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ነው የሚለው።

ደንቡን ከፈረንጅ ከወሰድንም ሙሉውን እንውሰደው። የኤምባሲ የእራት ጥሪ ወረቀት ብዙ ጊዜ «ጥቁር ልብስ ወይም የሀገር ልብስ» ይላል። ስኮትላንዳዊው ጉልበቱን የሚያሳይ ሽርጡን ታጥቆ ንግሥት ፊት ሲቀርብ ማንም ባለጌ አላለውም። ኧረ የኛ አባት ቁምጣ ከሱ በምን አነሰ? እነሱ በራቸውን ለሀገር ልብስ ክፍት ሲተዉ፣ እኛ በገዛ አገራችን፣ በገዛ ልብሳችን ላይ ዘግተናል። ይህን ያስተማረን የለም፤ ራሳችን ነን ያመጣነው።

የኛ መልስ ይህ ነው። በክብር ማታ ወንድ የሚለብሰው ንጹሕ የሆነውን፣ የራሱ የሆነውን፣ ለጋባዡ አክብሮቱን የሚገልጽለትን ልብስ ነው። ሱፍ ያለው ሱፉን ይልበስ፣ ኩታ ያለው ኩታውን ያጣፋ፣ ጋቢ ያለው ጋቢውን ይደርብ። የድሮውን ማደግደግ አንመልሰውም፤ ሸማው ግን ከማደግደግ ሌላ ብዙ ቃል እንደሚያውቅ አይተናል።

የዘንድሮው የግብዣ ኮሚቴ በቅርቡ ይመረጣል። እኛ የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በማስታወቂያው ወረቀት ላይ ከ«ጥቁር ሙሉ ልብስ» ቀጥሎ «ወይም የሀገር ልብስ» የሚሉ ሦስት ቃላት ይጨመሩ። በር ላይ የሚቆመው ልጅም ጋቢ የለበሰ አባት ሲመጣ ብድግ ብሎ እጅ ይንሳና ፊት ለፊት ካለው ወንበር ያስቀምጥ። የተመረቅነው በሳቸው ጥጥና በሳቸው ጤፍ ነውና።