ዝናብ የፈተነው የአዳኝ ልብስ

የዝናብ ልብስ ሁለት ሥራ አለበት፤ የሰማዩን ውኃ አለማስገባትና የሰውነትን ላብ ማስወጣት። የመጀመሪያውን ብቻ የሚሠራ ልብስ ለማግኘት ሰው ብዙ አልተቸገረም። ሁለቱን አጣምሮ የሚሠራውን ለማግኘት ግን ፋብሪካዎች ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ደክመዋል፤ ዛሬም ሥራው አልቋል ማለት አይቻልም። ችግሩን አዳኝን ያህል የሚያውቀው የለም። አዳኝ ዳገት ሲወጣ ያልበዋል፤ አውሬው ከታየው በኋላ ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ ለሰዓታት ያደባል። ያን ጊዜ በላብ የራሰ ሸሚዝ ዝናብ ካበሰበሰው ባልተናነሰ ያንቀጠቅጠዋል። በዚያ ላይ ልብሱ ኮሽ ካለ አጋዘኑ ይሰማል፣ ከሸተተም ነፋስ ያደርስለታል። ከተማ ውስጥ ጃንጥላ ይዞ ለሚሄድ ሰው እንከን የማይወጣለት ካፖርት አደን ላይ በአንድ ቀን ነውሩ የሚገለጠው በዚህ ምክንያት ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥንታዊው ዘዴ ዝናቡን ከማገድ ይልቅ መንገድ ያሳየው ነበር። የጃፓን ገበሬዎች ከሩዝ ገለባ የሠሩት ሚኖ፣ የሰሜን ፖርቱጋልና የጋሊሲያ እረኞች የለበሱት የሣር ካባ፣ የኢትዮጵያ ደጋ እረኛ በክረምት የሚደርበው ገሳ ሁሉም የሚሠሩት በአንድ መላ ነው። ሣሩ እንደ ጎጆ ክዳን ተደራርቦ ቁልቁል ስለሚወርድ ውኃው ከአንዱ ሰበዝ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ መሬት ላይ ይፈስሳል። በሰበዞቹ መካከል አየር ስለሚያልፍም ላብ አይታፈንም። ጉድለቱ ግዝፈቱ ነው፤ ቆሞ ከብት ለሚጠብቅ የተመቸው ልብስ በጥሻ ውስጥ ለሚሹለከለክ ሰው አይሆንም።

ለአደን ተብሎ የተሠራ እውነተኛ የዝናብ ልብስ የተገኘው በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ነው። ኢኑይቶችና የአሉሽያን ደሴቶች ነዋሪ የሆኑት ኡናንጋኖች ሲልና ዋልረስ የተባሉትን የባሕር እንስሳት አንጀት አጥበው፣ ነፍተውና አድርቀው እንደ ጥብጣብ ይሰነጥቁታል፤ ጥብጣቦቹን ገጣጥመው ኮፍያ ያለው ቀላል ሸሚዝ ይሰፋሉ። ካያክ በተባለችው ጠባብ ጀልባ ባሕር ላይ ለሚያድን ሰው ልብሱ የሕይወት ጉዳይ ነበር። ጥበቡ ያለው ከአንጀቱ ይልቅ በስፌቱ ላይ ነው። ሴቶቹ ልብሱን የሚሰፉት በእንስሳ ጅማት ሲሆን፣ ጅማቱ ሲርስ አብጦ የመርፌውን ቀዳዳ ይደፍነዋል። አንዳንዶቹ በስፌቱ መሐል ሣር ይጨምሩበት ነበር። የአውሮፓ ፋብሪካዎች በመርፌ ቀዳዳ ጉዳይ ብዙ ቆይተው ሲቸገሩ ይህ ዘዴ በሥራ ላይ የዋለ ነበር።

አውሮፓውያን የጎማን ጠባይ የተማሩት ከአማዞን ሕዝቦች ነው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሻርል ማሪ ዴ ላ ኮንዳሚን በ1736 ከኪቶ ወደ ፓሪስ የጎማ ናሙና ሲልክ፣ የአገሬው ሰዎች በዛፉ ወተት ጨርቅ ቀብተው ውኃ እንዳያስገባ ማድረግን ያውቁ ነበር። ይሁን እንጂ ወተቱ ባሕር እስኪሻገር ይረጋ ስለነበር፣ የረጋውን ጎማ መልሶ ማሟሟት ለኬሚስቶች ትልቅ እንቆቅልሽ ሆነ። የግላስጎው ተወላጅ የሆነው ቻርልስ ማኪንቶሽ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ በሚወጣ ናፍታ ጎማን አሟሙቶ፣ በሁለት ጨርቆች መካከል ቀብቶ አጣበቃቸው፤ በ1823ም የፈጠራ መብት አገኘበት።

የማኪንቶሽ ጨርቅ ጠብታ ውኃ አያሳልፍም። ገበያ ላይ ሲውል ግን ቅሬታው በዛ። በብርድ ይገተራል፣ በሙቀት ይጣበቃል፣ ሽታውም አንድ ክፍል ይሞላል። ልብስ ሰፊዎች እንደ ለመዱት ሲሰፉት ደግሞ በየመርፌው ቀዳዳ ውኃ ያንጠባጥባል። ብርድና ሙቀት ያመጡበትን ችግር ያቃለለው ጎማን በድኝ የማብሰል ዘዴ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር በ1839 ደረሰበት፤ እንግሊዛዊው ቶማስ ሃንኮክ ደግሞ በ1840ዎቹ በአገሩ የፈጠራ መብት አወጣበት። አንድ ነገር ግን በድኝም አልተፈታም። ውኃ የማያስገባው ሽፋን ተንም አያስወጣም፤ የለባሹ ላብ ከጨርቁ ውስጠኛ ገጽ ጋር ሲገናኝ ቀዝቅዞ መልሶ ውኃ ይሆናል። ዳገት የወጣ አዳኝ ኮቱን ሲያወልቅ ዝናብ ገባበት ወይስ ላብ አጠመቀው ለመለየት ይቸገራል።

መርከበኞች ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዱ። ያረጀ ሸራ በተልባ ዘይት ነክረው ይለብሱ ነበር። ኖርዌያዊው የመርከብ አዛዥ ሄሊ ዩል ሃንሰን በ1877 ሞስ በተባለች ከተማ ይህን ሥራ ወደ ንግድ ለወጠው። የተልባ ዘይት ግን ሲቆይ ቢጫ ይሆናል፣ በብርድም ይደርቃል። ከጊዜ በኋላ ፓራፊን ሰም የተቀባ ጥጥ ቦታውን ወሰደ። በ1894 በእንግሊዝ ሳውዝ ሺልድስ ወደብ የተቋቋመው የጆን ባርበር ሱቅ መጀመሪያ የሸጠው ለመርከበኞችና ለወደብ ሠራተኞች ነበር፤ ስሙ የታወቀው ግን በባላገር አዳኞችና በአደን ጠባቂዎች ዘንድ ነው። በአሜሪካም በ1897 በሲያትል የተከፈተው የፊልሰን ሱቅ ለወርቅ ፈላጊዎችና ዝናብ በማይለየው የሰሜን ምዕራብ ጫካ ለሚሠሩ እንጨት ቆራጮች ይሰፋ ነበር። በሰም የተቀባ ጥጥ እሾህ አይበግረውም፣ ሲርስም አይንኮሻኮሽም፤ ለአደን የተወደደው በዚህ ነው። ከባድ ነው፣ በየጊዜው ሰም ይፈልጋል፣ ላብም አፍኖ ይይዛል። አዳኞች ይህን ሁሉ ታግሠው ዛሬም ይለብሱታል።

ከጎማና ከሰም ጎን ለጎን፣ ውኃን ጨርሶ ከመከልከል ይልቅ ረጥቦም ማሞቅ የሚችል ልብስ የመረጡ አሉ። መሠረታቸው ሱፍ ነው። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት እስኪመጥ ድረስ እርጥብ አይመስልም፤ ያን እርጥበት በሚመጥበት ጊዜም ጥቂት ሙቀት ይሰጣል። በቲሮል ተራሮች ሱፉን በውኃ እያሹ በማጠጋጋት የሚሠሩት ሎደን የተባለው ጨርቅ ከእረኞች ወደ አዳኞች፣ ከአዳኞችም ወደ ቤተ መንግሥት ወጣ፤ የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ ለአደን የሚለብሰው ይህንኑ ነበር። የስኮትላንድ ባለርስቶችም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ለአደን ሠራተኞቻቸው የየርስታቸውን ተራራ ቀለም የያዘ ትዊድ ያሠሩ ነበር። እንዲህ ያለ ጨርቅ የለበሰ ሰው በረዘመው ሣርና ቋጥኝ መካከል ሲጋደም አጋዘኑ ከመሬቱ አይለየውም።

ሱፍ ከሁሉ የከበደ ፈተና የገጠመው በኒው ዚላንድ ሳይሆን አይቀርም። በደቡብ ምዕራብ ጫፍ በሚገኘው ሚልፎርድ ሳውንድ በዓመት ከ6,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል፤ አዲስ አበባ የምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያመጡት ቀይ አጋዘን በዚያ አገር ጠላት አውሬ ስላላገኘ እጅግ ተራባ፤ ጫካውን እየጋጠ ተራራውን አራቆተው። መንግሥት በ1930 ጥበቃውን አንሥቶ ደመወዝተኛ አዳኞችን አሰማራ። ሰዎቹ ወራት በድንኳንና በጎጆ እየኖሩ፣ ወንዝ እየተሻገሩ፣ ከቀን ቀን በዝናብ ይሠሩ ነበር። የነዚህ ሰዎችና የአገሩ ገበሬዎች መለያ የሆነው ረጅም የሱፍ ሸሚዝ፣ በኒው ፕሊመዝ ከተማ ልብስ ሰፊው ዊልያም ብሩም በ1913 ስዋንድሪ ብሎ ያስመዘገበው ነው። እስከ ጭን ይደርሳል፣ ኮፍያም ተጨመረለት። ከረጠበ በኋላ ክብደቱ ትከሻ ይሰብራል፤ ሆኖም የለበሰው ሰው አይበርደውም። ለባሹ እንደሚረጥብ አስቀድሞ ተቀብሎ የተሠራ ልብስ መሆኑ ከብዙ ዘመናዊ ጃኬቶች ይልቅ ሐቀኛ ያደርገዋል።

ሌላው መንገድ በሽመና ላይ ያተኮረ ነው። በእንግሊዝ ባሲንግስቶክ ከተማ ሱቅ የነበረው ቶማስ በርበሪ ጨርቁን ከመቀባት ይልቅ ፈትሉን አስቀድሞ አዘጋጅቶ፣ ድሩንና ማጉን አጠጋግቶ የሚሸመን ጋባርዲን የተባለ ጨርቅ በ1879 ሠራ፤ በ1888 የፈጠራ መብት ወሰደበት። ዝናቡ በአብዛኛው ይንሸራተታል፣ ተኑም ይወጣል። ሐሳቡ እስከ ጫፍ የደረሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ከመርከብ ላይ የሚነሡ የእንግሊዝ አብራሪዎች በሰሜኑ ቀዝቃዛ ባሕር ሲወድቁ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞቱ ስለነበር፣ በማንቸስተር የሽርሊ ተቋም ተመራማሪዎች ቬንታይል የተባለ ጥጥ ሠሩላቸው። ቃጫው ረጃጅም ከሆነ ምርጥ ጥጥ እጅግ ተጠጋግቶ ስለሚሸመን፣ ክሩ ሲርስ ያብጥና ቀዳዳውን ይዘጋል። የአንጀቱን ሸሚዝ የሚሰፋው ጅማት የሚሠራውን ሥራ እዚህ ጨርቁ በሙሉ ሠራው። ቬንታይል ከጦርነቱ በኋላ ወደ አዳኞችና ወደ ዱር እንስሳት ፎቶ አንሺዎች የተሻገረው ኮሽታ ስለሌለው ነው። በረጅም ዶፍ ግን ይሸነፋል፤ ሲርስም ደርቆ ይገተራል።

የልብስ ፍተሻ ወደ ቤተ ሙከራ የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1935 በጀርመን የተዋወቀው የቡንደስማን መሣሪያ ጨርቁን በሚሽከረከሩ ኩባያዎች አፍ ላይ ወጥሮ ከላይ ሰው ሠራሽ ዝናብ ያዘንብበታል፤ ከሥሩ ደግሞ ልብስ ሰውነትን እንደሚያሽ ሁሉ ጨርቁን ያሸዋል። ሌላው መለኪያ ጨርቁ ላይ የውኃ ዓምድ አቁሞ ስንት ሚሊ ሜትር ሲደርስ እንደሚያፈስ ያያል፤ ዛሬ በየጃኬቱ ላይ 10,000 ወይም 20,000 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ይኸው ነው። በ1940ዎቹም የአሜሪካ ጦር የልብስን ሙቀት አያያዝ የሚለካበት፣ ውስጡ የሚሞቅ የመዳብ አሻንጉሊት ነበረው። እነዚህ ሁሉ ጨርቅን ከጨርቅ ለማወዳደር ይበጃሉ። ያዘነበለ ዝናብ በአንገት በኩል መግባቱን፣ ተንበርክኮ የሚጠብቅ አዳኝ ጉልበቱን እርጥብ መሬት ላይ ሲጭን የሚፈጠረውን ግፊት፣ የጠመንጃ ማንገቻ ትከሻ ላይ የሚያደርሰውን መፋተግ ግን አያሳዩም።

የሜዳውና የቤተ ሙከራው ዕውቀት የተገናኘው በአሳዛኝ አጋጣሚ ነው። በመጋቢት 1964 በእንግሊዝ ደርቢሺር ኮረብታዎች 72 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም የእግር ጉዞ ውድድር ላይ ዝናብና ነፋስ ያገኛቸው ሦስት ወጣቶች በብርድ ሞቱ። ቅዝቃዜው የዋልታ አልነበረም። በ1953ቱ የኤቨረስት ዘመቻ የተሳተፈው የሰውነት ሥራ አጥኚ ግሪፊዝ ፑ ጉዳዩን መረመረ፤ በቤተ ሙከራም እርጥብ ልብስ የለበሱ ሰዎችን በነፋስ ውስጥ እያሠራ ለካ። የረጠበ ልብስ ነፋስ ሲያገኘው ከሙቀት መያዝ ኃይሉ አብዛኛውን ያጣል። ሰው እየሠራ ሳለ ሰውነቱ ኪሣራውን ይችላል፤ ሲደክምና ሲዘገይ ግን ሙቀቱ በፍጥነት ይወርዳል። ዳገት ወጥቶ ለሚያደባ አዳኝም አደጋው ያው ነው።

ጥቅምት 1969 በአሜሪካ ቦብ ጎር በጋለ ምድጃ ያሞቀውን የቴፍሎን ዘንግ በድንገት ሲስበው ሳይበጠስ ብዙ እጥፍ ረዘመ። ውስጡ በእጅግ ረቂቅ ቀዳዳዎች ተሞልቶ ነበር፤ ቀዳዳዎቹ ተን ያሳልፋሉ፣ የውኃ ጠብታ ግን አያስገቡም። ከዚህ የተሠራው የጎር ኩባንያ ጨርቅ፣ ጎርቴክስ፣ በ1976 ገበያ ገባ፤ የመጀመሪያ ገዢዎቹም ተራራ ወጪዎችና ካምፕ የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። እውነተኛ ፈተናው የመጣው ግን አገልግሎት ላይ ከዋለ በኋላ ነው። የሰውነት ቅባት ወደ ስስ ሽፋኑ ሲገባ ውኃን የመግፋት ጠባዩን አጥፍቶ ልብሱን አስፈሰሰው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኩባንያው ቅባትን የሚከላከል የፖሊዩረቴን ሽፋን ጨመረ፤ ይህም መፍትሔ ተኑን በመጠኑ አዘገየው። አዳኞች ደግሞ ሌላ ቅሬታ አነሡ፤ በናይለን የተሸፈነው ጃኬት ቅርንጫፍ ሲነካው ይንሻጠጣል። አምራቾች ለአደን የሚሸጡትን ፊቱ በተቦረሸ ፖሊስተር እየሸፈኑ ድምፁን አለዘቡት። የተቦረሸው ጨርቅ ግን ውኃ ይዞ ይከብዳል፤ ጸጥታና ቅለት እስካሁን በአንድ ጃኬት ላይ እንደ ልብ አልተገናኙም።

የነዚህ ጃኬቶች ደካማ ቦታ የላይኛው ገጻቸው ነው። ጨርቁ ውኃ እንዲንከባለልበት የሚቀባው ፍሎሪን ያለበት ኬሚካል ሲያልቅ ገጹ ይርሳል፤ ውኃው ወደ ውስጥ ባይዘልቅም ተኑ መውጫ ያጣል፣ ለባሹም ልብሱ ያፈሰሰ ይመስለዋል። ኬሚካሎቹ ከአፈርና ከውኃ የማይጠፉ መሆናቸው ከታወቀ ወዲህ ሕግ ይከለክላቸው ጀመር። ኩባንያዎችም ከፍሎሪን የራቀ ሽፋንና ቅብ እያወጡ ነው፤ ጎር ከ2022 ጀምሮ በፖሊኢቲሊን የተሠራ ሽፋን ገበያ ላይ አውሏል። አዲሶቹ ቅቦች ውኃ ይገፋሉ፣ ዘይት ግን አይገፉም። ለተራ መንገደኛ ይህ ቀላል ጉዳይ ነው፤ ጃኬቱን የጠመንጃ ዘይት፣ የእንስሳ ስብና ደም ለሚነካው አዳኝ ግን ልብሱን ቶሎ ቶሎ ማጠብና ቅቡን ማደስ ማለት ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ ከ2025 ጀምሮ እነዚህን ኬሚካሎች ከአልባሳት ሲያስወጣ፣ ለከባድ ዝናብ ለሚሠሩ የሜዳ ልብሶች ብቻ እስከ 2028 ድረስ ጊዜ ሰጥቷል፤ እስከዚያው የሚሸጡትም ኬሚካሉ እንዳለባቸው በግልጽ እንዲጻፍባቸው ያዛል።