ፒንግዊኩላ፤ ከወተት ማርጊያ እስከ ቤት መስኮት

በመስኮት ደፍ ላይ ከሚቀመጡ አትክልቶች መካከል ፒንግዊኩላ የተባለችው ትንሽ ተክል፥ ለዓይን ከማማሯ በላይ ለታሪክ ተማሪ የምታቀርበው ጥያቄ አላት። ቅጠሎቿ በክብ የተደረደሩና ቅቤ የተቀቡ ይመስል የሚያብረቀርቁ ናቸው። ስሟም ከዚሁ የመጣ ነው፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የስዊስ ሊቅ ኮንራድ ጌስነር «ስብ» ከሚለው የላቲን ቃል አውጥቶ ሰየማት። የሚያብረቀርቀው ግን ጥቃቅን ዕጢዎች የሚያመነጩት ሙጫ ነው። ትንሽ ዝንብ ያረፈበት እንደ ሆነ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሌሎች ዕጢዎችም የምግብ መፍጫ ፈሳሽ ያፈሱበትና ሥጋው ሟሙቶ ወደ ቅጠሉ ይገባል፤ የሚተርፈው ክንፍና ቅርፊቱ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፥ የሰው ልጅ ይህን ቅጠል በእጁ እየተጠቀመበት ሳለ ሥራውን ሳያውቅ ለምን እንደ ቈየ ነው።

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1732 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ወደ ላፕላንድ ተጓዘ፤ በ1737 ዓ.ም. ባሳተመው የላፕላንድ ዕፀዋት መጽሐፍም የአገሩን ሰዎች ልማድ መዝግቧል። ትኩስ የታለበ ወተት በፒንግዊኩላ ቅጠል ላይ አፍስሰው ያጠሉታል፤ አንድ ሁለት ቀን ሲያድር ረግቶና ወፍሮ ያገኙታል። ከዚያም ጥቂቱ ለሚቀጥለው ወተት እርሾ ይሆናል። እርጎ በሚወደድበት አገር ላደገ አንባቢ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ዛሬ በስዊድን ሎንግፊል የሚባለውን የሚሳብ እርጎ የሚያረጉት ባክቴሪያዎች በመሆናቸው፥ ያን ጊዜም ቅጠሉ ብቻውን ሠራው ለማለት ያዳግታል። ቢሆንም ቅጠሉ በወተት ላይ ኀይል አለው የሚለው ሐሳብ በሊኔየስ እጅ ነበረ።

ይኸው ሊኔየስ ግን በ1760ዎቹ መጨረሻ የሎንዶኑ ነጋዴና የተፈጥሮ ተመራማሪ ጆን ኤሊስ፥ ዲዮኒያ የተባለችው የአሜሪካ ተክል ዝንብ ይዛ ትመገባለች ብሎ ቢጽፍለት አልተቀበለውም። የቅጠሉን መዘጋት አመነ፤ ነገር ግን ዝንቡ መፍጨርጨሩን ሲያቆም ቅጠሉ ይለቀዋል ባይ ነበር። በእኛ አስተያየት የጐደለው ማስረጃ አይደለም። እንስሳ ዕፅ ይበላል እንጂ ዕፅ እንስሳ አይበላም የሚለው ሥርዐት አስቀድሞ በአእምሮው ጸንቶ ስለ ነበረ፥ ያየውን እንኳ በዚያው ሚዛን መዘነው።

ነገሩን የለወጠው መቊጠርና መፈተን ነው። ቻርልስ ዳርዊን በከምበርላንድ ተራሮች ላይ ብዙ ነፍሳት በፒንግዊኩላ ቅጠል ተጣብቀው እንደሚታዩ ሰማ፤ አንድ ነገር የተጣበቀባቸው 39 ቅጠሎችም ከሰሜን ዌልስ ተመርጠው ተላኩለት። ከነዚህ በ32ቱ ላይ 142 ነፍሳት ቈጠረ። ቀጥሎም ሥጋና የእንቁላል ነጭ በቅጠሉ ላይ ሲያኖር ቅጠሉ ብዙ ኮምጣጣ ፈሳሽ አፈለቀ፤ ስባሪ መስተዋት ሲያኖር ግን እንዲህ ያለ ኮምጣጣ ፈሳሽ አልታየም። ቅጠሉ ምግቡን ከድንጋይ ይለያል ማለት ነው። ዱቄተ አበባና ዘር እንደምትመገብም ጭምር ተረዳ። ይህ ሁሉ በ1875 ዓ.ም. ስለ ነፍሳት በላ ዕፀዋት ባሳተመው መጽሐፍ ይገኛል፤ ከሊኔየስ መጽሐፍ 138 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሊቃውንት ያወቋት የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ለቤት አትመችም። የበረዶው ወራት ሲገባ ቅጠሏን ጥላ ወደ ጠባብ እምቡጥ ትሰበሰባለች፤ ብርዱን ያጣች እንደ ሆነ ትደክማለች። ለመስኮት የተስማሙት የሜክሲኮ ደጋ ዝርያዎች ናቸው። ከነዚህ አንዷ ሞራኔንሲስ ስትሆን፥ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልትና ኤሜ ቦንፕላን በ1803 እና 1804 ዓ.ም. ሜክሲኮን ሲዞሩ ሞራን በተባለው የማዕድን ስፍራ አጠገብ ሰበሰቧት። እርሷ የምትፈራው ብርድን ሳይሆን ድርቅን ነውና፥ ዝናብ ሲቀር ሙጫ የሌላቸው ወፍራም ቅጠሎች አውጥታ ትጠብቃለች። ኦርኪድ የሚያለሙ ሰዎችም ከአፈር የሚነሡትን ጥቃቅን ዝንቦች እንድትይዝላቸው በመካከል ያስቀምጧታል።

አያያዟም ከታሪኳ የሚከተል ነው። ምግቧን ከአየር ስለምትይዝ ፍግ አይሰጣትም፤ አሸዋና የተፈጨ ድንጋይ ይበቃታል። የዝናብ ውሃ ከቧንቧ ውሃ ይሻላታል፤ በቧንቧ ውሃ ያለው ጨው እየተጠራቀመ ይጐዳታልና። ከደረቅ ወራት ቅጠሎቿ አንዱን ከነነጭ ጫፉ ነጥሎ በእርጥብ አሸዋ ላይ ያኖረ ሰው፥ በጥቂት ሳምንታት ከዚያው ጫፍ አዲስ ችግኝ ሲወጣ ያያል።