የፎገራው አለቃና የታኅሣሥ ሦስት እሑዶች

አለቃ ገብረ ሐናን በቀልዳቸው የማያውቅ ከተሜ ማግኘት ይከብዳል። ካፌ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሰርግ ላይ "አለቃ ገብረ ሐና አንድ ቀን…" ብሎ የሚጀምር አይጠፋም። (ግማሹን ቀልድ እሳቸው እንዳልተናገሩት እንጠረጥራለን። ሟች ደግሞ አያስተባብል!) ዛሬ የምናነሳቸው ግን በሌላ ሥራቸው ነው። የነቢያት ጾም በገባ ቁጥር በእኛ ጓደኞች መካከል አንድ ክርክር ይነሳል፦ "ይሄ ረጅም የግእዝ ማኅሌት ለማን ነው? በአማርኛ መዝሙር ቢተካስ?" አንዱ ይህን ሲል ሌላው "ከያሬድ ጀምሮ ያልተነካ ነገር አይነካም" ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም ወገን አለቃን የረሳ ይመስለናል።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ ወረታን አልፋችሁ አዲስ ዘመን አጠገብ ጣራ ገዳምን በጥድና በወይራ ደኑ ታገኙታላችሁ። ከሱ ወዲህ እስከ ጣና የተዘረጋው፣ ዛሬ በሩዙ የታወቀው ሜዳ ፎገራ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የኖሩት አለቃ የተወለዱት እዚሁ፣ ጣና ዳር፣ ናበጋ ጊዮርጊስ ነው።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። በመጨረሻ የሚመጡት ሦስት እሑዶች የየራሳቸው ስም፣ የየራሳቸው ዜማ አላቸው። ስብከት (ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ባለው የሚውለው) ነቢያት ስለሚመጣው ክርስቶስ የተናገሩትን ያነሳል፤ ብርሃን (ከ14 እስከ 20) በጨለማ ላለ ሕዝብ ብርሃን ይለምናል፤ ኖላዊ (ከ21 እስከ 27) እረኛውን ይጣራል። መጠበቅን በዜማ ማድረግ የእኛ ብቻ አይደለም። የሮም ቤተ ክርስቲያንም ከዲሴምበር 17 እስከ 23 በየቀኑ አንድ፣ "ና" የሚል ልመና ያለባቸው ሰባት አጫጭር ዜማዎች አሏት።

ታዲያ "ያልተነካ" የሚባለው የቱ ነው? ድጓውን ትውፊት በ6ኛው መቶ ዘመን ለኖረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጠዋል። ከፊደሉ በላይ የምናያቸው የዜማ ምልክቶች ግን የ16ኛው መቶ ዘመን ሥራ ናቸው፤ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው ይነገራል። ዜማው ራሱ ቤተልሔም፣ ቆማና አጫብር ተብሎ በስልት ይለያያል። የድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔም ያለው እዚያው ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ነው።

አቋቋሙ ላይ ደግሞ አለቃ መጡ። እንደሚተረከው፣ በፊት መቋሚያው ወደ ላይና ወደ ታች ነበር የሚሄደው። አለቃ የጣናን ሞገድና ዳር ላይ የሚወዛወዘውን ደንገል እያዩ ወደ ጎን የሚል ዝማሜ አወጡ። ቃሉን አልነኩም። የነኩት የሰውነትን እንቅስቃሴ ነው። የጎንደር ሊቃውንት ግን "ይህ ከየት መጣ?" ብለው አልተቀበሉትም ይባላል። እሳቸውም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌ ከወረታ ወደ ምሥራቅ በሚገነጠለው መንገድ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር ወንበር ዘርግቶ አስፋፋው። ስሙም በልጁ "ተክሌ አቋቋም" ሆኖ ቀረ። እነሆ ዛሬ ከጎንደሮቹ ከላይ ቤትና ከታች ቤት ጎን ሦስተኛ ሆኖ ይቆጠራል። ያኔ የተገፋው ዛሬ "የአባቶቻችን" ሆኗል!

ስለዚህ "አይነካም" የሚለው ወንድማችን ታሪክ አይረዳውም። "ይተካ" የሚለውም አይደሰት፤ አለቃ የጨመሩት ድጓውን ከሥሩ ተምረው ሲያበቁ ነው። ድጓ ደግሞ ዓመታት የሚፈጅ፣ የቆሎ ተማሪው በረሃብና በብርድ የሚገፋው ትምህርት ነው። የአማርኛ መዝሙር እንወዳለን፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግንበት ነውና። ግን ስብከትን፣ ብርሃንን፣ ኖላዊን ለይቶ ሳምንቱን የሚያስቆጥረን ማኅሌቱ ነው። እሱ ሲወጣ ታኅሣሥ ሥጋ የማይበላበት ወር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ግእዙ አይገባንም የሚለው ቅሬታ ግን እውነት ነው፤ መልስም ይገባዋል። የሚዜመውን ከነትርጉሙ አትሞ በር ላይ ማደል ዜማውን አንድ ምልክት አይቀንሰውም። እሑዶቹ ሦስት ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ወረቀት ይበቃል።