የስፒትፋየር ትልቅ ሞዴል
በሬዲዮ የሚበረው ትልቁ የስፒትፋየር ሞዴል በ1936 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የበረረው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ቅጂ ነው። የዋናው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.23 ሜትር ስለሆነ፣ በአንድ አምስተኛ ልክ ሲሠራ 2.25 ሜትር ገደማ ይሆናል። በሳጥን የሚሸጠው ዕቃ በልክ የተቆረጠ የባልሳ እንጨትና ኮምፔርሳቶ ይይዛል። ሠሪው አጽሙን በንድፉ ላይ ዘርግቶ በሙጫ ያያይዛል፤ በስስ ባልሳ ያለብሰዋል፤ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል። ትዕግሥት የሚፈታተነው ግን ሚዛኑ ነው። የፊቱ ክፍል አጭር በመሆኑ ብዙ ጊዜ ሞተሩ አጠገብ የእርሳስ ብረት ይጨመርበታል፤ ጭራው የከበደ ሞዴል ገና ከመሬት ሲነሣ ከቁጥጥር ሊወጣ ይችላል። ለመነሣት ሲንደረደር ወደ ግራ ስለሚስብ አብራሪው ነዳጁን ቀስ በቀስ እየሰጠ የጭራውን መሪ ወደ ቀኝ ይይዛል። እግሮቹ የተቀራረቡ ስለሆኑ በጎን ነፋስ ማሳረፍ ለጀማሪ አይመከርም።