ጠጥቶ የተወ ሰው ከማን ጋር ይቆጠር?

አሜሪካ መጠጥን በሕግ ከልክላ በነበረችበት ዘመን፣ ሬይመንድ ፐርል የተባለው የባልቲሞር የሥነ ሕይወት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በመጠኑ የሚጠጡ ሰዎች ዕድሜ ከማይጠጡት ዕድሜ እንደማያንስ ገለጸ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ በርካታ ጥናቶችም የሟቾች ቁጥር በማይጠጡት ዘንድ ከፍ፣ በመጠኑ በሚጠጡት ዘንድ ዝቅ፣ አብዝተው በሚጠጡት ዘንድ ደግሞ እንደገና ከፍ እንደሚል አሳዩ። ለጠጪው ደስ የሚያሰኝ ውጤት ነበር፤ ለመጠጥ ነጋዴውም እንዲሁ።

ዳሩ ግን «የማይጠጣ» የተባለው ማን ነው? በአማርኛም «እገሌ አይጠጣም» ሲባል፣ ከቶ ቀምሶ የማያውቀውንም፣ ሃያ ዓመት ጠጥቶ ጉበቱ ሲታመም ያቆመውንም ያጠቃልላል። የጥናት መዝገቦችም ሁለቱን በአንድ ዓምድ አስፍረዋቸው ነበር። ሼፐርና ባልደረቦቹ በ24 የብሪታንያ ከተሞች የሚኖሩ 7,735 ጎልማሳ ወንዶችን ተከታትለው፣ ከማይጠጡት መካከል ብዙዎቹ ቀድሞ ጠጪዎች እንደነበሩና ሕመም ሲጸናባቸው እንደተዉ እ.ኤ.አ. በ1988 አስረዱ። ሕመሙ ከመጠጥም ይምጣ ከሌላ፣ ሞቱ የተመዘገበው በማይጠጡት ስም ነው።

ይኸው ጉድለት በኋላ ወደ ዘረመል ምርምር ዘለቀ። ምርምሩ በብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ዘረመል ውስጥ የሚገኘውን ልዩነት ከመጠጥ ልማዳቸው ጋር ያነጻጽራል፤ ልማዱን የሚለካው ግን ብዙውን ጊዜ በአጭር መጠይቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው መጠይቅ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥያቄዎች ከ0 እስከ 12 ነጥብ ያሰጣሉ። በሱስ ማቅቆ የተወ ሰው 0 ያገኛል፤ በሕይወቱ ያልቀመሰውም 0። ለሱስ የሚያጋልጠው ዘረመል እንግዲህ በሁለቱም ጫፍ ይገኛል።

ምልክቱ መደብዘዙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ሰው በመመዝገብ በተካካሰ ነበር። የከፋው፣ የተገላቢጦሽ ምልክት መፈጠሩ ነው። የታመመ ሰው መጠጡን ይቀንሳል ወይም ይተዋል፤ ስለዚህ ለሕመም የሚያጋልጠው ዘረመል ጥቂት የሚያስጠጣ መስሎ ይታያል፤ መጠጥም ከሕመም የሚጠብቅ ይመስላል። ከዩናይትድ ኪንግደም የባዮባንክ መዝገብ የ455,607 ሰዎችን መረጃ የመረመረው የእ.ኤ.አ. 2021 ጥናት፣ በሽተኞቹ መጠጣቸውን የመቀነስ ወይም አሳንሶ የመናገር ዝንባሌ እንዳላቸው አረጋገጠ። ይህ ሲታረም፣ በመጠጥና በተለመዱ በሽታዎች መካከል ታይቶ የነበረው የተገላቢጦሽ የዘረመል ዝምድና ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ አንዳንዱም አቅጣጫውን ለወጠ።

የተዉትን ከጥናቱ ማውጣት ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን መጠጥ አብዝቶ የጎዳቸውን ሰዎች አብሮ ያስወጣል። በአሜሪካ ከ140,000 በሚበልጡ የቀድሞ ወታደሮች ላይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጥናት የተሻለ መንገድ መረጠ፤ የለካው ሰዎቹ በልማድ የጠጡትን ከፍተኛ መጠን ነው።