የአልፕሷ ሃይዲ በጃፓን ሠዓልያን እጅ

የሃይዲን ታሪክ አስቀድሞ በጃፓኑ የተንቀሳቃሽ ሥዕል ፊልም፣ በአኒሜ፣ ያየ ሰው ኋላ መጽሐፉን ሲያነብ፣ መጽሐፉንም አስቀድሞ ያነበበ ሰው ኋላ አኒሜውን ሲመለከት፣ ሁለቱም በየፊናቸው መደነቃቸው አይቀርም። አንደኛው፣ በጎጆው ደጃፍ ተጋድሞ የሚውለው ዮሴፍ የተባለው ግዙፍ ውሻ ከመጽሐፉ ወዴት እንደ ጠፋ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ፣ የፍየል እረኛው ፔተር መራመድ የማትችለውን የሃይዲን ወዳጅ የክላራን ተሽከርካሪ ወንበር ከተራራው አፋፍ ገፍቶ የሰበረበት ያ ከባድ በደል በፊልሙ ስለ ምን እንዳልታየ፣ የሃይዲ አያትም ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን የተመለሰበት ያ እሑድ የት እንደ ቀረ ይጠይቃል። እነዚህ ጥያቄዎች የልጆች ብቻ መስለው ቢታዩም፣ መልሳቸው አንድ የስዊስ መጽሐፍ ባሕር ተሻግሮ በሌላ ሕዝብ ልብ ውስጥ እንዴት እንደ ገባ የሚያስረዳ ታሪክ ስለ ሆነ፣ በእርጋታ ሊተረክ ይገባዋል። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ደራሲቱ ዮሐና ሽፒሪ በ1827 በዙሪክ አውራጃ በምትገኘው በሂርትሰል መንደር ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ነበሩ፤ እናታቸው ሜታ ሆይሰር ደግሞ መንፈሳዊ መዝሙር የሚደርሱ ባለቅኔ ስለ ነበሩ፣ የልጅቱ አስተዳደግ ከምስጋናና ከጸሎት ድምፅ የራቀ አልነበረም። የሃይዲ የመጀመሪያ ክፍል በ1880 በጀርመን አገር በጎታ ከተማ ታትሞ ወጣ፤ ሁለተኛው ክፍል በ1881 ተከተለው። ታሪኩን ብዙዎች እንደሚያውቁት፣ እናትና አባት የሞቱባት የአምስት ዓመት ልጅ፣ አክስቷ ዴተ የዘወትሩንም የእሑዱንም ልብስ ደራርባ አልብሳት፣ ከማየንፈልድ በላይ ባለው ተራራ ብቻውን ወደሚኖረው አያቷ በሰኔ ፀሐይ ትወስዳታለች። ስለዚህ ሽማግሌ በመንደሩ የሚወራው ክፉ ነበር፤ የአባቱን ርስት በቁማርና በመጠጥ አጠፋ፣ በናፖሊ ወታደር ሆኖ ሳለ በጠብ ሰው ገደለ ይሉታል። አናጺ የነበረው ልጁ ቶቢያስ በሥራ ላይ ግንድ ወድቆበት ሲሞትና ምራቱም ብዙ ሳትቆይ ስትከተለው፣ ሰዎቹ ይህ የኃጢአቱ ደመወዝ ነው ብለው ፊት ለፊት ነገሩት። እሱም በእግዚአብሔርና በሰው ላይ አኩርፎ ወደ ተራራው ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ከመንደሩ ሰው ጋር መነጋገሩን ተወ።

ደራሲቱ መጽሐፉን የጻፉት ይህን ኩርፊያ ለመፍታት ነው ብል አልተሳሳትሁም። ሃይዲ ወደ ፍራንክፉርት ተወስዳ በክላራ አባት በዜዜማን ቤት በናፍቆት ስትመነምን፣ የክላራ አያት ማንበብንና መጸለይን አስተማረቻት፤ ልጅቱም ወደ ተራራዋ ስትመለስ ሥዕል ያለበትን መጽሐፏን ይዛ ተመለሰች። አንድ ምሽት ለአያቷ የምታነብለት በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 15 የተጻፈውን፣ በእኛም አገር ካህናት በየዐውደ ምሕረቱ የሚተረጉሙትን የጠፋውን ልጅ ታሪክ ነው። ሽማግሌው ዝም ብሎ አዳመጠ። ሌሊት ግን መብራት ይዞ በመሰላሉ ወደ ቆጡ ወጣ፤ ልጅቱ በድርቆሽ መኝታዋ ላይ እጆቿን አጣጥፋ፣ ጸሎቷን አድርሳ እንደ ተኛች አያት፤ ረጅም ጊዜ ቆሞ ከተመለከታት በኋላ የጠፋውን ልጅ የንስሐ ቃል ለራሱ ደገመው፤ እንባውም በጉንጩ ላይ ወረደ። በነጋታው እሑድ ነበርና የደውሉ ድምፅ ከሸለቆው ሲሰማ፣ የብር ቁልፍ ያለውን የክብር ካፖርቱን ለብሶ፣ የልጅቱን እጅ ይዞ ወረደ፤ በመጨረሻው አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ ምዕመናኑ እርስ በርሳቸው ተንሾካሾኩ። የመጽሐፉ አዕማድ በዚህ ስፍራ ቆመዋል፤ ከዚህ በፊት ያለው ሁሉ ወደዚህ እሑድ የሚያደርስ መንገድ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህ እሑድ የተገኘ በረከት ነው።

ጃፓን ሃይዲን ያወቀችው ቴሌቪዥን ሳይኖር ነው። ያኤኮ ኖጋሚ የተባሉት ታላቅ ደራሲት በ1920 ወደ ጃፓንኛ መለሱት፤ በ1925 የወጣ ሌላ ትርጉም ደግሞ ልጅቱን ካኤዴ ብሎ የጃፓን ስም እስከ መስጠት ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሺገቶ ታካሃሺ የተባሉ የፊልም አዘጋጅ ታሪኩን በተንቀሳቃሽ ሥዕል ለመሥራት ተመኝተው በ1967 አጭር መሞከሪያ ፊልም አሠሩ፤ በዚያ ሙከራ ሃይዲ ጸጉሯን በሁለት ጉንጉን የተሠራች ልጅ ነበረች። ምኞታቸው የተፈጸመው በጥር 1974 ነው። ዙይዮ ኤይዞ የተባለው ድርጅት ያዘጋጀው፣ ካልፒስ የተባለው የመጠጥ ኩባንያ ወጪውን የደገፈው አኒሜ በፉጂ ቴሌቪዥን እሑድ እሑድ ማታ በአንድ ሰዓት ተኩል መታየት ጀመረ፤ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻም በ52 ክፍል ዓመቱን ሞላ። ዲሬክተሩ ኢሳኦ ታካሃታ ነበሩ፤ የገጸ ባሕርያቱን መልክ ዮይቺ ኮታቤ ሣሉ፤ የትዕይንቱን ሁሉ አቀማመጥ ሃያኦ ሚያዛኪ ነደፉ።

እነዚህ ሰዎች ከሥራው በፊት፣ በ1973 በጋ፣ ወደ ስዊዘርላንድና ወደ ፍራንክፉርት ሄደው ጎጆውን፣ ጥዱን፣ የፍየሉን ደወልና የተራራውን ሣር በዓይናቸው አይተዋል። ለልጆች በሚሠራ የቴሌቪዥን ሥዕል እንዲህ ያለ ድካም በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነበር። ስለ ሃይዲ ጸጉር ለሚጠይቁትም መልሱ የሚገኘው ከዚሁ ጉዞ ነው። ኮታቤ ልጅቱን እንደ ቀድሞው ሙከራ በጉንጉን ሥለዋት ሳለ፣ በዙሪክ የሽፒሪን ሥራ የሚያጠኑ ሊቅ ሥዕሉን አይተው፣ በተራራ ላይ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ በየማለዳው የአምስት ዓመት ልጅ ጸጉር ይሠራልን ብለው ጠየቁ። ኮታቤም ጉንጉኑን ትተው ጸጉሯን አሳጠሩት። ደራሲቱም በመጽሐፋቸው ሃይዲን አጭር፣ ጥቁር፣ ከርዳዳ ጸጉር ያላት አድርገው ስለ ጻፏት፣ ሠዓሊው በዚህ ነገር ወደ ጥንታዊው ቃል ተመለሱ እንጂ አልራቁም።

ውሻው ዮሴፍ ግን ከመጽሐፉ ፈጽሞ የለም። ሁለት ቀጫጭን መጻሕፍት 52 ሳምንት ሊሞሉ ስለማይችሉ መጨመር ግዴታ ነበር፤ ነገር ግን ታካሃታ ጭማሪውን በጀብዱና በወንበዴ ታሪክ አልሞሉትም። ደራሲቱ በጥቂት ገጽ ያለፉትን የተራራ ኑሮ ዘረጉት፤ ፍየል እንዴት እንደምትታለብ፣ ድርቆሽ እንዴት ተነጥፎ አንሶላ እንደሚለብስ፣ ፎርማጆው በሹካ ተወግቶ በእሳት ፊት ሲያዝ እንዴት ላቡ እንደሚወጣና ወርቅ እንደሚመስል፣ ከዚያም በዳቦው ላይ ሲቀባ እንዴት እንደሚፈስ። ያን ፎርማጆ ያዩ የጃፓን ልጆች ጎልማሶች ሆነው እንኳ ጣዕሙን የቀመሱ ያህል ያወሩለታል። ዩኪ የምትባለው ትንሽ ነጭ ፍየልም በመጽሐፉ በጥቂቱ ብቻ የምትነሣ ስትሆን፣ በአኒሜው የራሷ ሐዘንና ደስታ ያላት ፍጥረት ሆናለች። ዮሴፍ የሚገባው ከዚህ ሐሳብ ነው፤ ለማይናገር ሽማግሌ የማይናገር ባልደረባ ተሰጠው። እኔ በዚህ ጭማሪ ቅር አልሰኝም። የሚያዛኪም ድካም በዚህ ላይ ሊታሰብ ይገባዋል፤ ሥዕሉ ከመሣሉ በፊት ሰው፣ ቤት፣ ተራራና ሰማይ በእያንዳንዱ ትዕይንት የት እንደሚቆሙ የሚወስነውን ንድፍ ለሁሉም ክፍል አንድ እጅ ስለ ሠራው፣ ተመልካቹ የጎጆውን በርና ጥዱን ሳያይ እንኳ በየት በኩል እንዳሉ ያውቃል። ሌይአውት የሚባለው ይህ አሠራር ከሃይዲ በኋላ በጃፓን አኒሜ ሙያ የጸና ሥርዓት ሆነ።

ወደ ከባዱ ጥያቄ እመለሳለሁ። ክርስትና በሕዝቡ ዘንድ እጅግ ጥቂት አማኝ ባለው አገር፣ እሑድ ማታ ቤተ ሰብ ሁሉ ተሰብስቦ በሚያየው ትርኢት፣ የንስሐውን ታሪክ እንዳለ ማቅረብ ለታካሃታ የሚቻል አልመሰላቸውም። ስለዚህ የጸሎቱና የመዝሙሩ ድርሻ ቀነሰ፤ የጠፋው ልጅ ምሽት የታሪኩ ምሰሶ መሆኑ ቀረ። አያትየው በአኒሜው የሚለሰልሰው በልጅቱ ፍቅርና በዕለት ሥራ ነው፤ ወደ መንደር መውረዱም የልጅቱን ትምህርት ያሰበ የአያት ውሳኔ ሆኖ ይታያል። በፍራንክፉርት ሳለች ልጅቱን የሚጠራት የጥዱ ሹክሹክታና የተራራው ነፋስ ነው፤ በመጽሐፉ እግዚአብሔር የያዘውን ስፍራ በአኒሜው ተፈጥሮ ወረሰው ማለት ይቻላል። ይህን ለሚነቅፉ ሰዎች የምመልሰው፣ ታካሃታ ባልተቀበሉት እምነት ስም ጉልበት የሌለው የጸሎት ትርኢት ከመሥራት ይልቅ በእውነት የሚያከብሩትን ነገር፣ ይኸውም የሰውን የዘወትር ድካም፣ በንጹሕ ልብ መሥራታቸው የሐቀኛ ሠዓሊ ምግባር ነው እላለሁ። ቢሆንም፣ በቅዳሴና በንስሐ ሥርዓት መካከል ላደገ አንባቢ፣ ያ ሽማግሌ መብራት ይዞ ወደ ቆጡ የወጣባት ሌሊት ስትቀር የሚጎድለው ታላቅ ነገር ነው፤ ፍቅር ያለሰለሰውን ሰው በፊልሙ አይተናል፣ ምሕረት የተቀበለውን ሰው ግን አላየንም።

የወንበሩ ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። በመጽሐፉ ፔተር፣ ሃይዲ ከክላራ ጋር ስትውል በቅናት ተቃጥሎ፣ ማንም ሳያየው ወንበሩን ከአፋፉ ይገፋዋል፤ ተንከባሎም ይሰባበራል። ከዚያ የሚከተለው ከደራሲቱ ጥበብ ሁሉ የላቀ ነው። ወንበር የሌላትን ክላራን አያትየው ተሸክሞ ወደ ግጦሹ ያወጣታል፤ ሃይዲም አበባውን ልታሳያት ስትፈልግ ፔተርን ትጠራዋለች፤ ክላራ በአንድ ወገን የሃይዲን ትከሻ፣ በሌላው ወገን የፔተርን ክንድ ይዛ የመጀመሪያ እርምጃዋን ትራመዳለች። ወንበሩን የሰበረው እጅ ሳታውቀው ምርኩዟ ሆነ። ፔተር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት የለውም፤ ከፍራንክፉርት የመጣውን የክላራን አባት ሲያይ ሊይዘው የመጣ ፖሊስ መስሎት በቁልቁለቱ ይወድቃል። በመጨረሻ የክላራ አያት ሁሉን ተረድታ፣ እግዚአብሔር በሰው ልብ ውስጥ መውጊያ የያዘ ትንሽ ጠባቂ እንዳኖረ፣ ክፉ የሠራ ሰውም እሱን ሊያመልጥ እንደማይችል ትነግረዋለች፤ ይቅርታ ካደረገችለት በኋላም ምን እንደሚፈልግ ብትጠይቀው አሥር ሳንቲም ለመነ፤ እሷም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በየሳምንቱ አሥር ሳንቲም እንዲሰጠው አዘዘች።

በአኒሜው ፔተር ከዚህ ሁሉ ንጹሕ ነው። ወንበሩ የሚሰበረው፣ መቆምን የተማረችው ክላራ በልምምዱ ታክታ፣ የቀድሞውን ምቾት ተመኝታ ወንበሩን ልታወጣ ስትል አምልጧት በመንከባለሉ ነው። ታካሃታ በዚህ ለውጥ የኅሊናን ትግል ከፔተር አንሥተው ለክላራ ሰጧት፤ ሽባዋ ልጅ ሳትሆን ፈሪዋ ልጅ ራሷን ድል የምታደርግበት ታሪክ ሆነ። የእሷ ድል በእርግጥ አምሯል፤ ክላራ የቆመችበት ትዕይንት በጃፓን ከሚታወሱት የቴሌቪዥን ትዕይንቶች ሁሉ ቀዳሚ ከሚባሉት ነው። ለፔተር ግን አዝንለታለሁ። በመጽሐፉ ረኃብ፣ ቅናት፣ ፍርሃትና ይቅርታ ያለበት ሙሉ ሰው የነበረው እረኛ፣ በፊልሙ ደግ ባልንጀራ ብቻ ሆኖ ቀርቷልና።

ስለ ቀሩት ገጸ ባሕርያት ብዙ መናገር አያስፈልግም። የቤት አስተዳዳሪዋ ሮተንማየር በመጽሐፉ ተራራውን ፈርታ በፍራንክፉርት ትቀራለች፤ በአኒሜው ክላራን ተከትላ ትመጣለች፣ ከፍየልና ከእንስሳት ጋር ስትገናኝም የሚታየው ፍርሃቷ ልጆችን ያስቃል። የክላራ ሐኪም በመጽሐፉ አንዲት ልጁን ቀብሮ በሐዘን የሚመጣ ሰው ነው፤ በአኒሜው በዋናነት ተራራው ለክላራ ይስማማ እንደ ሆነ ሊመረምር ይመጣል።

ፊልሙ በጃፓን ያገኘው ፍቅር ታላቅ ስለ ነበር፣ በጥቅምት 1974 በዚያው ሰዓት በሌላ ጣቢያ የተጀመረው የጠፈር መርከብ ያማቶ የተባለው አኒሜ ተመልካች አጥቶ ከታሰበለት ጊዜ በፊት እንዲያበቃ ሆነ፤ ያማቶም ኋላ በተራው ታላቅ ዝና ያገኘ ሥራ ነው። በ1975 የዙይዮ ሠራተኞች ኒፖን አኒሜሽን በተባለው አዲስ ድርጅት ተሰብስበው፣ የዓለምን የልጆች መጻሕፍት በየዓመቱ አንድ አንድ እያሉ የሚሠሩበትን ልማድ ቀጠሉ፤ ታካሃታና ሚያዛኪም በ1985 ስቱዲዮ ጂብሊን መሠረቱ። አኒሜው በ1975 በስፔን፣ በ1977 በጀርመን፣ በ1978 በኢጣልያ ታየ፤ በዐረብኛም ተተርጉሞ ለዐረብ ልጆች ደረሰ። በዚህም ምክንያት በአውሮፓ ራሷ የተወለዱ ብዙ ልጆች የጃፓኗን ሃይዲ መጀመሪያ አወቋት፤ በ2015 በኮምፒውተር የተሠራው አዲሱ ተከታታይ ሲዘጋጅም፣ አዘጋጆቹ መነሻ ያደረጉት የ1974ቱን አኒሜ ነው፤ ውሻውንም አብረው ወረሱት። በ2019 ደግሞ በዙሪክ የሚገኘው የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም የታካሃታን፣ የሚያዛኪንና የኮታቤን ድካም የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ከፍቶ፣ የደራሲቱ የዮሐና ሽፒሪ ወገኖች የጃፓን ሠዓልያን በሃይዲ ላይ የሠሩትን በገዛ አገራቸው እንዲያዩ አድርጓል።